ዶቢ ያለችው እህቴ

የጻፍኩት ደብዳቤ ደረሰ! መልሱም መጣልኝ!

ትናንት ከዘመሮ ገበያ የተመለሱ ጎረቤታችን የጋቢያቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጡኝ። ደብተራ ሳልለምን፣ አስተማሪ ሳላስቸግር፣ በገዛ እጄ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ መርሐቤቴ ገብቶ ተነቧል ማለት ነው። ከደስታዬ ብዛት መልሱን ለእናቴ ሦስት ጊዜ፣ ለአባቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ሰሚ ሳጣ ለበጎቹም አንድ ጊዜ አነበብኩ።

ደብዳቤ መጻፍ ከቻልኩ ለጋዜጣ መጻፍ ምን ያቅተኛል ብዬ ይኸው ተነሣሁ። አስተማሪያችን ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ በሚያመጡልን ጋዜጣችሁ ላይ የሰው ገጠመኝ አነባለሁ። የኔው የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት በሰኔ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ሳለ ነው። ዛሬ ደስ ብሎኝ ልጻፈው እንጂ ያን ጊዜ ደስታ የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም። እስከ አሁን ድረስ በረዶ ሣር ክዳናችን ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር እህቴን በዓይኔ እፈልጋለሁ።

የምንኖረው መንዝ፣ ከቀየት ወጣ ብሎ ነው። አባቴ ያርሳሉ፣ በበጋ ደግሞ ከበግ ጸጉር ባና ይሠራሉ። እናቴ ግን የመርሐቤቴ ሰው ናት። ወደ መንዝ ስትዳር ከአገሯ ያመጣችው የአንገቷን ንቅሳትና ጥቂት የአገሯን ቃላት ነው። ቃላቱንም ቀስ በቀስ ትታቸዋለች። ድሮ ሽንፋ ትለው የነበረውን ዛሬ እንደኛ ፌጦ ትለዋለች። አንዱን ግን አልተወችም። በክረምት መግቢያ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን፣ ሲነኩት የሚለበልበውን፣ ቀንበጡን በጨርቅ ይዘን ቀንጥሰን፣ ቀቅለን፣ በገብስ ዱቄትና በጨው የምንበላውን ሳማ፣ እሷ ዶቢ ነው የምትለው።

«እምዬ፣ ለምን ሳማ አትይውም?» ብዬ ብጠይቃት፣

«በልጅነቴ ጣቴን ሲለበልበኝ ዶቢ ነበር። ዛሬ ሳማ ብለው ይቅር ይለኛል?» ብላ ሳቀች።

እኔ ግን የምስቅበት ጊዜ አልፎ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪያችን «ሲነኩት የሚያቃጥል ቅጠል ማን ይነግረኛል?» ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁና ብድግ ብዬ «ዶቢ!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስንወጣ «ዶቢ! ዶቢ! ቆለኛዋ ዶቢ!» እያሉ እስከ ወንዙ ይሸኙኝ ጀመር።

እናቴን መከልከል አልቻልኩም። ስለዚህ በአራት ዓመቷ እህቴ በተዋበች ላይ በረታሁ። ሌላውን ሁሉ እንደ መንዝ ልጅ ትናገራለች፤ ይህችን ቃል ግን ከእናቴ አፍ ወስዳ ይዛታለች። ዶቢ ባለች ቁጥር ክንዷን እቆነጥጣታለሁ። «ሳማ በይ!» ስላት አይኗ እንባ ሞልቶ፣ ከንፈሯን አሹላ «ዶቢ!» ትለኛለች። እናቴ አንድ ቀን ስቆነጥጣት አየችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ብቻ አዞረች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሰኔ እናቴ ወንድማችንን ወልዳ አራስ ቤት ተኝታለች። ቅዳሜ ለት አባቴ አንድ ሙክት ሊሸጡ ወደ ዘመሮ ሲወጡ እኔንም አስከተሉኝ። የኔ ሥራ እናቴ የፈተለችውን ጸጉር መሸጥና ተዋበችን መጠበቅ ነው። ከቤት ስንወጣ እናቴ ከመኝታዋ ሆና «እጇን እንዳትለቂ» አለችኝ። «እሺ» አልኩ።

አባቴ በግ ተራ ቀሩ። እኔ ፈትሉን ቶሎ ሸጥኩ። ሸጬ ስጨርስ ገበያው መሃል አንድ ነጋዴ ደብተርና እርሳስ ዘርግቶ አየሁ። ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው እርሳስ ነው! ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ሰዉ ከቦታል፤ ተዋበች ደግሞ ደክሟት አልሄድም ብላለች። በገበያው በምዕራብ ጫፍ፣ የመርሐቤቴ ጥጥ ሻጮች ሸክማቸውን አራግፈው በተቀመጡበት ዳር አስቀመጥኳት። ለማንም አደራ አላልኩም። ማንን አውቄ?

«እዚህ ቁጭ በይ። እንዳትነሺ። አሁን መጣሁ።»

«ዳቦ ታመጪልኛለሽ?»

«አመጣልሻለሁ።»

«ዶቢስ?»

«ሳማ በይ አልኩሽ!» ብዬ ቆነጠጥኳትና ሄድኩ።

እርሳሱን በእጄ ይዤ ሳገላብጥ ሰማዩ ጠቆረ። ነጠብጣብ እንኳ ሳይቀድም በረዶው ወረደ። መንዝን ለማያውቅ ልንገር፤ የሰኔ በረዶ የዶሮ እንቁላል ያህል የሚሆንበት ቀን አለ። በቅሎዎች ገመዳቸውን በጠሱ። ሴቶች ማሰሮ በራሳቸው ደፉ። ገበያው እንደተነካ የጉንዳን ቤት ተበተነ። እኔም ክንዴን በራሴ ላይ አድርጌ ወደ ጥጥ ሻጮቹ ሮጥኩ።

ስደርስ ማንም የለም። መሬቱ ነጭ ነው፤ ከጥጥ ይሁን ከበረዶ አይታወቅም። «ተዋበች! ተዋበች!» አልኩ። የሚሰማኝ የበረዶው ድምፅ ብቻ ነው።

እየጮህኩ በግ ተራ ስደርስ አባቴ ከአንድ ጥድ ሥር አገኙኝ።

«እህትሽስ?»

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። አንባቢ ሆይ፣ ልቤ እውነቱን ያውቃል፣ አፌ ግን ሌላ ተናገረ። «እዚሁ በግ ተራ እጇን ይዤ ስመጣ በረዶው ሲወርድ አመለጠችኝ» አልኩ። ለእርሳስ ብዬ ጥያት ሄድኩ ማለት አልቻልኩም።

አባቴና ያገር ሰው የኔን ቃል አምነው በግ ተራው ባለበት በምሥራቅ በኩል፣ በቀየት መንገድ ፈለጉ። ጉድጓዱ ታየ፣ ቁጥቋጦው ተፈተሸ፣ የመንገዱ ዳር ቤት ሁሉ ተጠየቀ። ቀኑ እስኪጨልም ድረስ «ልጄን ያየ!» እያሉ ሲጣሩ የአባቴ ድምፅ ተዘጋ። እኔም አብሬ በማትገኝበት በኩል እፈልጋለሁ። እግሬ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ዓይኔ ወደ ኋላ ወደ ምዕራብ ይዞራል። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እላለሁ። በዘገየሁ ቁጥር ግን ውሸቱ እየከበደኝ ሄደ።

ለእናቴ «ከአክስቷ ቤት አድራለች» አልናት፤ አራስ መደንገጥ የለባትም ተብሎ። እሑድ ማለዳ እናቴ ከመኝታዋ ጠራችኝና፣

«ተዋቡዬ ስትመጣ ዶቢ ማለቷ አይቀርም። እስኪ ሂጂና ከአጥሩ ሥር ትንሽ ቀንጥሺላት» አለችኝ።

ሄድኩ። ጨርቅ አልያዝኩም። በባዶ እጄ ቀነጠስኩት። እስከ ክንዴ ድረስ ለበለበኝ፤ አልተሰማኝም ብል ውሸት ነው፣ ግን ደስ አለኝ። አንድ የሚቀጣኝ ነገር ተገኘ ብዬ።

ቅዳሴ እንዳበቃ የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። በኛ አገር ሰው ወይም ከብት ሲጠፋ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ በግዝት ይጠየቃል።

«ይህችን ሕፃን ያየህ፣ የሰማህ፣ አይተህ የሸሸግህ፣ አውቀህ ዝም ያልህ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ተገዝተሃል!»

«አውቀህ ዝም ያልህ» ሲሉ መስቀሉ ወደኔ የዞረ መሰለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል መሬት ላይ ተደፍቼ «እኔ ነኝ! እኔ አውቃለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ። እርሳሱንም፣ ቁንጥጫውንም አልተውኩም።

አባቴ በትራቸውን እንደጨበጡ ቀረቡኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በትሩ አልወረደም። የተዘጋው ድምፃቸው ብቻ «የት ነው ያስቀመጥሻት?» አለ።

«ጥጥ ሻጮቹ ዘንድ። በምዕራብ በኩል።»

ከኋላ አንድ ሰውዬ «መርሐቤቴዎቹ? እነሱማ ወንዙ ሳይሞላብን ብለው ገና በረዶው ሳያባራ ነው የወረዱት!» አሉ። ያን ጊዜ አባቴ ራሳቸውን ያዙ። አንድ ቀን ሙሉ በተሳሳተ መንገድ ያስኬድኳቸው እኔ ነኝ።

የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «ግዝቱ ተነሥቶልሻል። አሁን አንቺም ተነሺ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእናቴ አልተደበቀም። ሁሉን ስትሰማ ሕፃኑን ይዛ ከመኝታዋ ተነሣችና ምሰሶውን ተደገፈች። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ወደ አገሬ ከወረደች አገሬ አይጥላትም» አለች። ቀጥላ ግን በቀስታ «ወንዙን ከተሻገረች ነው እንግዲህ» አለች።

አባቴ እኔን ትተው ብቻቸውን ሊወርዱ ነበር። «ጥጥ ሻጮቹን ያየኋቸው እኔ ነኝ፤ ያለኔ በምን ያውቋቸዋል?» ብዬ ተከተልኳቸው። ገደሉን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ወንዙ ዳር ደረስን።

ወንዙ ሞልቶ፣ ቀይ አፈር መስሎ፣ ዛፍ ከነሥሩ እየነቀለ ያገሣል። ማዶ ሰዎች ይታያሉ፤ ቢጠሯቸው አይሰሙም። አሻጋሪዎቹ ዋናተኞች እንኳ የሚንሳፈፉበትን ቅላቸውን ጥለው ተቀምጠዋል። በዚህ በኩል ወንዙ መንገድ የዘጋባቸው ሰዎች ነበሩ። አባቴ ጠየቁ።

አንደኛው አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ምን ልበልዎት… ትናንት ጠዋት የመጨረሻዎቹ ሲሻገሩ ውኃው ድንገት መጣ። የጥጥ ሸክም ሲንሳፈፍ አይተናል። ባለቤቷን አላየንም።»

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከስንቃችን በሶ በጠበጥኩላቸው፤ አልቀመሱትም። ሰኞ እንዲህ አለፈ። ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕም አለፈ። በየቀኑ ውኃው የደረሰበት ላይ ድንጋይ አስቀምጣለሁ፤ ቀነሰ አልቀነሰ እያልኩ ስመለከት እውላለሁ። የአባቴን ፊት ማየት ስለማልችል ድንጋዩን አያለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አፍ አውጥቼ ጸለይኩ። «ጌታዬ፣ ትገኝልኝ እንጂ የፈለገችውን ትበለው» አልኩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ውኃው ከድንጋዬ ብዙ ወርዶ ነበር። ማዶ ካለው ቁልቁለት ነጭ የለበሱ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ትከሻቸው ላይ የሆነ ነገር አለ። ሸክም መሰለኝ። ሸክሙ እጁን አነሣ።

አባቴ ብድግ አሉ። ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው አዩ። «ልጄ ናት» አሉ። ቀጥለውም «ኧረ እሳቸውስ… አማቴ ናቸው! የእናትሽ አባት!» አሉ። ከሠርጋቸው ወዲህ አላዩዋቸውም ነበር።

አሻጋሪዎቹ ተዋበችን በትከሻቸው አሻገሩልን። ከኋላዋ አያቴና አንዲት አንገታቸውን የተነቀሱ ሴት ተሻገሩ። ወንዙ ዳር ተንበረከክኩላት። እሷ ግን እርጥብ እግሯን እያራገፈች መጣችና፣

«ዳቦዬስ?» አለችኝ። «አመጣለሁ ብለሽ!»

ጠጋ አለችና በጆሮዬ «እዚያ ዶቢ በላሁ» አለችኝ። ወዲያው ክንዷን በእጇ ሸፈነች። ልቆነጥጣት መስሏት!

ያቺ እጅ እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

ሴትዮዋ እትዬ ዘርፌ ይባላሉ፤ ከጥጥ ሻጮቹ አንዷ ናቸው። ወንዙ ዳር ተቀምጠው የነገሩን ይህ ነው።

«በረዶው ሲወርድ ይህቺ ልጅ ከሸራዬ ሥር ገባች። የማን ልጅ ነሽ? የአባባ። አባባ ማን ይባላል? አባባ። አገርሽ የት ነው? እቤት! እንግዲህ ከዚህ ምን ይያዛል? ራባት ብዬ ቆሎ ብሰጣት ወረወረችውና ‹ዶቢ ነው የምፈልገው› አትለኝም! እሰይ፣ የኛው አገር ልጅ ናት አልኩ። የመንዝ ልጅ ብትሆን ሳማ ትል ነበራ! ወገኖቿ ወንዙን ፈርተው ቀድመው ወርደዋል፣ ልድረስባቸው ብዬ አዝያት ሮጥኩ።»

«ጥጡስ?» አሉ አባቴ።

«ውኃው ደረቴ ላይ ሲደርስ ወይ ጥጡን ወይ ልጅቷን ሆነብኝ። ጥጥ በየዓመቱ ይበቅላል።»

አባቴ ተነሥተው ጉልበታቸውን ሳሙ። እትዬ ዘርፌ «ተዉ እንጂ፣ ወንድሜ! ይልቅ ስሙኝ» ብለው ቀጠሉ።

«ቤቴ ካስገባኋት በኋላ ነገሩ ተምታታብኝ። ሲበርዳት ‹ባና አልብሱኝ› ትላለች። እኛ ጋቢ እንጂ ባና የት እናውቃለን? ሽንፋ ስወቅጥ አየችኝና ‹ፌጦ ነው!› ብላ አረመችኝ፣ ይህቺ ሊቅ! ሁሉ ነገሯ መንዝ ነው፤ ዶቢ ብቻ የኛ ነው። ሳስብ ሳስብ፣ አባቷ የመንዝ ሰው ነው፣ ዶቢ ያበላቻት እናቷ ግን የኛ ናት አልኩ። ማክሰኞ የሚካኤል ለት ደጀ ሰላም ቆሜ ልጅ የጠፋበት ብዬ አልጠየቅሁም። ‹ልጁን ለመንዝ የዳረ ማን ነው?› ብዬ ጠየቅሁ።»

አያቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ነበር። «እኔ ነኛ» አሉ። «ብድግ ብዬ ልጅቷን ሳያት የእናቷ ግንባር!»

እንግዲህ አስቡት። ያቺ ቃል እህቴን ወንዝ አሻግራ ወሰደቻት። እሷው መልሳ አመጣቻት። እኔ ደግሞ ያቺን ቃል ከአፏ ለማውጣት ስቆነጥጥ ነው የከረምኩት። ተዋበች እሺ ብላኝ ቢሆን ኖሮ እትዬ ዘርፌ ከዚያ ሁሉ ቤት የማንን በር ያንኳኩ ነበር?

አያቴ አብረውን ወጡ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ሁለቱን አብረው ስታያቸው ምን እንደሆነች አልጽፈውም፤ ገና ብዕሬ አልጎለመሰም። የምጽፈው ይህን ብቻ ነው፤ እሑድ በባዶ እጄ የቀነጠስኩት ዶቢ መደቡ ላይ ደርቆ ተቀምጦ ነበር። አልጣለችውም።

ዛሬ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እህቴ በመጪው መስከረም ትምህርት ቤት ትገባለች። ልጆቹ «ዶቢ!» ብለው ቢጠሩኝ አቤት እላለሁ። የቆነጠጥኳት ግን አንዳንዴ አሁንም ይፀፅተኛል። እህቴ ሳማ ማለት ከፈለገችም ትችላለች፣ ከእንግዲህ ጣቴ ክንዷን አይነካም።

የእትዬ ዘርፌን ደብዳቤ የደብሩ ተማሪ ነው የጻፈላቸው፤ ቃሉ ግን የሳቸው ነው፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። «ልጄ፣ ደብዳቤሽ በደጀ ሰላም ተነቦ አሮጊት ሁሉ አለቀሰ። ሰኔ ሲገባ ዶቢው ይለመልማልና ተዋበችን ይዘሽ ነዪ፤ ወንዙ ሳይሞላ። የምታውቂውንም የማታውቂውንም መንገደኛ ሁሉ ጥሪልኝ። ዶቢ ብሎ የመጣ ከደጄ ጾሙን አያድርም» ይላል።

አደራ ነውና ይኸው አስተላለፍኩ። በሰኔ ወደ መርሐቤቴ የምትወርዱ ሁሉ ተጠርታችኋል። እኛም እዚያ እንሆናለን። ቤታቸው ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ፣ አጥሩን ዶቢ የከበበው ነው። በሩ ላይ ስትደርሱ ምን እንደምትሉ አሁን ታውቃላችሁ።